ጉም የማይከለክላት ሰማያዊ ነጥብ፦ ጂፒኤስን ያለ ኔትወርክ እንዴት እንጠቀም

ባለፈው ክረምት ለቅሶ ለመድረስ ከደብረ ብርሃን ማልደን ወጣን። ቤቱ ከጣርማ በር ወደ መንዝ በሚገነጠለው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ከእኛ መሐል ሄዶበት የሚያውቅ አልነበረም። ጉሙ እንደ ልማዱ መንገዱ ላይ ተኝቷል። ሾፌራችን ስልኩን አውጥቶ ካርታ ከፈተ። ስክሪኑ ላይ ባዶ ግራጫ ሜዳና አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ብቻ ታዩ። "ኔትወርክ የለም፤ ጂፒኤሱ አይሠራም" አለና ስልኩን ኪሱ ከተተው።

ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። መስኮት አውርዶ መጠየቅ። አንድ ጋቢ የለበሱ አባት "እዚህችው ጋ ናት፤ ቤተ ክርስቲያኑን አለፍ ብላችሁ" አሉን። አመስግነን ነዳን። "እዚህችው ጋ" ሃምሳ ደቂቃ ፈጀች። ቤተ ክርስቲያኑም በጉሙ አልታየንም፤ አልፈነው ሄደን ተመለስን።

የቆጨኝ ማታ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ጂፒኤሱ እየሠራ ነበር። ያቺ ነጥብ ባዶው ሜዳ ላይ ትንሽ ትንሽ እያለች ስትጓዝ በዓይኔ አይቻታለሁ። የጎደለው ካርታው ነበር። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው መንገድ ላይ አይጉላላም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልጀምርና ወደ አሠራሩ እንሂድ።

የጅራፍ ድምፅና የሳተላይት ምልክት

የቡሄን ሰሞን አስቡ። ማዶ ተረተር ላይ አንድ እረኛ ጅራፍ ያጮኻል። እጁ ሲወነጨፍ ታያላችሁ። ድምፁ ግን ቆየት ብሎ ነው የሚደርሳችሁ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሁለት ሰከንድ ከዘገየ እረኛው ከእናንተ 680 ሜትር ይርቃል ማለት ነው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባላል፤ እዚህ ላይ ርቀቱንም ራሱ ይናገራል።

አንድ ጅራፍ ግን ርቀት እንጂ ቦታ አይነግራችሁም። እረኛውን መሐል አድርጋችሁ 680 ሜትር ላይ ክብ ብታሠምሩ ከክቡ ጠርዝ አንዱ ቦታ ላይ ናችሁ። የትኛው? አይታወቅም። ከሌላ ተረተር ሁለተኛ እረኛ ሲያጮኽ ሁለተኛ ክብ ይመጣል። ሁለቱ ክቦች ሁለት ቦታ ላይ ይቋረጣሉ። ሦስተኛው እረኛ ከሁለቱ አንዱን ይለይላችኋል።

ሳተላይቶቹ እነዚህ እረኞች ናቸው። የአሜሪካኖቹ የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከመሬት 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ምድርን በቀን ሁለት ጊዜ ይዞራሉ። እያንዳንዱ ያለማቋረጥ በሬዲዮ ሞገድ አንድ መልእክት ይልካል። "እኔ እገሌ ነኝ፤ ቦታዬ ይኸውላችሁ፤ ይህን የላክሁት በዚህ ሰዓት ነው" እንደ ማለት ነው። ስልካችሁ መልእክቱ የደረሰበትን ሰዓት ከተላከበት ሰዓት ጋር ያነጻጽራል። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ መልእክቱ ለመድረስ አንድ አሥረኛ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰዓታችሁ በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ቢሳሳት ርቀቱ በ300 ሜትር ይሳሳታል። ሳተላይቶቹ እጅግ ትክክለኛ የሆነ የአቶሚክ ሰዓት ይዘዋል። የእኛ ስልክ ውስጥ ያለው ግን ርካሽ ነው። ታዲያ ምን ይደረጋል? አራተኛ እረኛ ይጨመራል። አራቱ ክቦች አንድ ቦታ ላይ አልገጥም ካሉ ስልኩ "የኔ ሰዓት ነው የተሳሳተው" ብሎ እስኪገጥሙ ድረስ ሰዓቱን ያስተካክላል። ቢያንስ አራት ሳተላይት ያስፈልጋል የሚባለው ለዚህ ነው። ሦስቱ ለቦታ፣ አንዱ ለሰዓት።

አንስታይንም እዚህ ውስጥ አለበት። ከፍታው ላይ ያለው ሰዓትና መሬት ላይ ያለው ሰዓት እኩል አይሮጡም። የሳተላይቱ ሰዓት በቀን 38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ይህ ባይታረም ኖሮ ስሕተቱ በቀን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጠራቀመ ይሄድ ነበር። ደብረ ብርሃን ከተማ መሐል ቆማችሁ ካርታው በማግሥቱ ጫጫ ልትደርሱ ምንም አልቀራችሁም ይላችሁ ነበር።

"ጂፒኤስ" በልማድ የሁሉም መጠሪያ ሆነ እንጂ የአንዱ ስም ነው። ሩሲያ ግሎናስ፣ አውሮፓ ጋሊሊዮ፣ ቻይና ቤይዱ የሚባል የራሳቸው አላቸው። የዛሬ ስልኮች አብዛኞቹ ሁሉንም ያዳምጣሉ። የአሜሪካው የመጀመሪያ የጂፒኤስ ሳተላይት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ሥርዓቱ ሙሉ ሆኖ ሥራ የጀመረው በ1995። እስከ 2000 ድረስ ለሲቪሉ የሚለቀቀው ምልክት ሆን ተብሎ ይበላሽ ስለነበር መቶ ሜትር ድረስ ይስት ነበር። ያ ሲቀር ነው ነገሩ ለእኛ ቢጤ የጠቀመው።

ሰማዩ በነጻ ነው፣ ዳታ የሚበላው ካርታው ነው

ስልካችሁ ሳተላይቶቹን ያዳምጣል እንጂ ለእነሱ ምንም አይልክም። ሬዲዮ እንደ መስማት ነው። ሬዲዮ ስትከፍቱ ጣቢያው ማን እንደሚያዳምጠው አያውቅም፤ ሒሳብም አይጠይቃችሁም። ስለዚህ ቦታችሁን ለማወቅ ሲም ካርድም፣ ዳታም፣ የቴሌ ኔትወርክም አያስፈልግም።

ዳታ የሚያስፈልገው ከነጥቧ ሥር ያለውን ሥዕል ለማምጣት ነው። መንገዱን፣ ወንዙን፣ የከተማውን ስም። ያንን አስቀድማችሁ ካወረዳችሁት ጉዳያችሁ አለቀ። ካላወረዳችሁት እንደ እኛ ግራጫ ሜዳ ላይ ትቀራላችሁ።

ካላመናችሁኝ ሞክሩት። የስልካችሁን ኤርፕሌን ሞድ አብሩና ሎኬሽኑ እንዳልጠፋ እዩ። ከዚያ ደጅ ወጥታችሁ ሰማይ በሚታይበት ቦታ ቁሙ። ካርታውን ክፈቱና ጠብቁ። ነጥቧ ትመጣለች።

ከቤት ሳትወጡ

ካርታ ማውረድ። ጉግል ማፕ ያላችሁ ዋይፋይ ወይም ጥሩ ዳታ ባለበት አፑን ክፈቱ። ከላይ በቀኝ ጥግ ያለውን የራሳችሁን ክብ ፎቶ ንኩ። "ኦፍላይን ማፕስ" የሚለውን ምረጡ። ቀጥሎ የራሳችሁን ካርታ እንድትመርጡ የሚጠይቀውን ንኩት፤ አራት ማዕዘን ይመጣል። አራት ማዕዘኑን በሁለት ጣት እያሳነሳችሁና እያሰፋችሁ የምትሄዱበትን ሁሉ አስገቡበት። ስስት አያስፈልግም። ደብረ ብርሃንን ብቻ ሳይሆን ከአዲስ አበባ እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከዓለም ከተማ እስከ አንኮበር ያለውን ሁሉ ያዙ። ከዚያ "ዳውንሎድ"። ያወረዳችሁት ጊዜ ያልፍበታል፤ አልፎ አልፎ አድሱት።

ጉግል ላይ አንድ እንከን አለ። ያለ ኢንተርኔት የመኪና መንገድ ይመራችኋል እንጂ የእግር መንገድ አይመራም። በእኛ አገር ደግሞ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ያለው ነው ዋናው። ስለዚህ ሁለተኛ አፕ ጫኑ። እኔ የምጠቀመው ኦርጋኒክ ማፕስን ነው። ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ካርታውን ወደ ኢትዮጵያ ስታቀርቡት ራሱ "ላውርደው?" ብሎ ይጠይቃል። የእግር መንገድንም ያለ ዳታ ያሳያል። ካርታው በበጎ ፈቃደኞች የተሣለ ስለሆነ አንዳንዱ ገጠር ላይ ከጉግል የበለጠ ዝርዝር አለው፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ጭራሽ ባዶ ነው። የሰፈራችሁን ስም ካጣችሁት እናንተው ልትጨምሩት ትችላላችሁ።

ፈቃድ መስጠት። አፑ የሎኬሽን ፈቃድ ሲጠይቅ "ፕሪሳይስ" የሚለው መመረጡን እዩ። "አፕሮክሲሜት" ካላችሁት ስልኩ ሰፈራችሁን እንጂ ደጃችሁን አይነግረውም። ብዙ ሰው "ጂፒኤሴ ይዋሻል" የሚለው ይህን ስላላየ ነው።

ነጥቧን ማሟሟቅ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሳተላይቶቹ የት የት እንዳሉ የሚናገሩት በጣም በቀስታ ነው። አንዱ ሳተላይት የራሱን ዝርዝር ቦታ ነግሮ ለመጨረስ 30 ሰከንድ ይፈጅበታል። የሁሉንም ሳተላይት የሚናገረው ሰፊው ዝርዝር ተልኮ እስኪያልቅ ደግሞ 12 ደቂቃ ተኩል ይወስዳል። ኔትወርክ ሲኖር ስልኩ ይህን ሁሉ በኢንተርኔት በቅጽበት ያገኘዋል። ስለዚህ ኔትወርክ ካለበት ሳትወጡ ካርታውን አንዴ ክፈቱና ነጥቧ እስክትረጋ ጠብቁ። ለቀጣዮቹ ጥቂት ሰዓታት ያ ይበቃችኋል። ስልኩ ለሳምንት ጠፍቶ ከርሞ ጓሳ ላይ የበራ እንደሆነ ግን ትዕግሥት አድርጉ፤ ከድንጋዩ ላይ ቁጭ በሉ።

ባትሪ። ባትሪ የሚጨርሰው በብዛት ስክሪኑ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድም ባትሪ አይወድም። ስልኩን ከውጭ ኪስ ሳይሆን ከጋቢው ሥር፣ ከገላችሁ ጠጋ አድርጉት። የባትሪ ቁጠባ ከበራ ግን አንዳንድ ስልክ ስክሪኑ ሲጠፋ ሎኬሽኑንም ያቆመዋል። መንገድ እየመዘገባችሁ ከሆነ አጥፉት።

መንገድ ላይ

በመጀመሪያ ነጥቧን ሳይሆን በዙሪያዋ ያለውን ፈዛዛ ክብ እዩ። ክቡ የስሕተቱ ስፋት ነው። ስልኩ "እዚህ ክብ ውስጥ የሆነ ቦታ ነህ" እያላችሁ ነው። ክቡ ሰፊ ከሆነ ቦታ ለውጡ ወይም ጠብቁ። ሰማዩ ክፍት በሆነበት ሜዳ የስልክ ስሕተት ወደ 5 ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ በላይ አትጠብቁ።

ጉም ዓይን ይከለክላል እንጂ ሳተላይት አይከለክልም። ደመናም እንዲሁ። የሳተላይቱ ሞገድ ሁለቱንም ሰንጥቆ ያልፋል። ጣርማ በር ላይ ከመኪናው አፍንጫ በላይ በማይታይበት ሰዓት ነጥቧ እንደ በጋ ቀን ትሠራለች። የሚከለክላት ብረት፣ ድንጋይና አፈር ነው። ምልክቱ እኛ ጋ ሲደርስ በጣም ደክሞ ነው የሚደርሰው፤ ስለዚህ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ ሆናችሁ "አልሠራ አለ" አትበሉ። አውቶቡስ ውስጥ ከሆናችሁ መስኮት ዳር ተቀመጡ።

ዋሻው ጥሩ ማሳያ ነው። በጣሊያን ጊዜ የተቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ስልኩን ይዛችሁ ነጥቧን ተመልከቱ። አፉ ላይ ስትገቡ ክቡ ያብጣል። ነጥቧ ለጥቂት ጊዜ በግምት ትገፋለች፤ ስልኩ "በዚህ ፍጥነት ሲሄድ ነበር፣ እዚህ ደርሶ ይሆናል" እያለ ነው። ከዚያ ትቆማለች። መኪናው እየሄደ ነጥቧ ቆማለች። በሌላኛው አፍ ብርሃን ሲመጣ አንድ ሁለት ሰከንድ ትንገዳገድና ዘላ ከመኪናው ጋር ትገጥማለች። ልጆች ካሏችሁ አሳዩአቸው፤ ከማንኛውም ትምህርት ይህ ይገባቸዋል።

ከዚያው ቁልቁለት ላይ ከፍታችሁንም መከታተል ትችላላችሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ያህል ናት። ጣርማ በር ከ3,000 ያልፋል። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ወደ 1,300 ገደማ ትወርዳላችሁ፤ ጋቢውም ከትከሻችሁ ይወርዳል። ብቻ የከፍታ ቁጥር ከቦታ ቁጥር የበለጠ ይስታል። ሳተላይቶቹ ሁሉ ከላይ ናቸው፤ ከሥራችን የሚለካልን የለም።

ገደል ያለበት አገር ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው ማሚቶ ነው። ሸለቆ ውስጥ ስትጮኹ ድምፁ ገደሉን መቶ ይመለሳል አይደል? የሳተላይቱ ምልክትም ገደሉን መቶ ሊደርስ ይችላል። ዞሮ ስለመጣ ይዘገያል፤ ስልኩም ሳተላይቱ የራቀ ይመስለዋል፤ ነጥቧ ከመንገዱ ወጥታ ገደሉ ላይ ትሰፍራለች። በዚያ ላይ የሰማዩ ግማሽ በገደሉ ተሸፍኗል። ወንዝ ዳር ወርዳችሁ ነጥቧ ብትቃዥ አትደንግጡ፤ ዳገቱን ስትወጡ ትመለሳለች።

ሁለተኛው ወጥመድ ቀጥታ መስመር ነው። ከለሚ እስከ ዓለም ከተማ በቀጥታ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ማዶ ለማዶ ናቸው። መሐላቸው ግን የጀማ ሸለቆ ነው። እየተጠማዘዙ ወርዶ፣ ድልድይ ተሻግሮ፣ እንደገና መውጣት ነው። አንዳንድ አፕ መንገድ ካላገኘ ቀጥታ መስመር ይሥልና ኪሎ ሜትሩን ይጽፋል። ያንን አይታችሁ "ለምሳ እንደርሳለን" ብላችሁ ስልክ አትደውሉ። እነዚያ "እዚህችው ጋ ናት" ያሉን አባትም በቀጥታ መስመር ነው የነገሩን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።

ወቅቱንም ካርታው አያውቅም። የሞረትና ጅሩ መረሬ በሐምሌ ምን እንደሚመስል ለሳተላይት አይታየውም። መስመሩ ካርታው ላይ ስላለ መኪና ያልፋል ማለት አይደለም። እዚህ ላይ የአገሬውን ሰው መጠየቅ የሚተካው የለም።

ደግሞ ሰዓት። አፑ "የምትደርሱት 14:20 ላይ ነው" ሲላችሁ በእኛ 8 ሰዓት ከ20 ነው። ስድስት መቀነስ ነው። ቀላል ነው፤ ግን አንድ ወዳጄ ሙሽራ ሊቀበል በዚህ ምክንያት ሲምታታበት አይቻለሁና ጻፍኩት።

ቦታችሁን ለሌላ ሰው መላክ

ለእኔ የጂፒኤስ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም በሌለበት አገር "ከወፍጮ ቤቱ በታች፣ ትልቁ ባሕር ዛፍ ጋ" ከማለት ያወጣል። አምቡላንስ ለሚጠብቅ ሰው፣ የእህል መኪና ለሚጠራ ገበሬ፣ ድንኳን ለሚያከራይ ሁሉ ይጠቅማል።

ኢንተርኔት ካለ ቴሌግራም ይበቃል። የአባሪዋን ምልክት ንኩ፣ "ሎኬሽን" የሚለውን ምረጡ፣ ያላችሁበትን ላኩ። እየተጓዛችሁ ከሆነ "ላይቭ ሎኬሽን" አለ፤ ለ15 ደቂቃ፣ ለ1 ሰዓት ወይም ለ8 ሰዓት ጉዞአችሁን ያሳያል። ከመላካችሁ በፊት ግን ክቡ እስኪጠብ ጠብቁ። ቤት ውስጥ ሆኖ በችኮላ የተላከ ሎኬሽን እንግዳውን የጎረቤት ደጅ ያደርሰዋል።

ኢንተርኔት ከሌለና ኤስኤምኤስ ወይም ስልክ ብቻ ካለስ? ቁጥሩን ላኩ። ካርታው ላይ የምትፈልጉትን ቦታ በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ሁለት ቁጥር ይመጣል። የመጀመሪያው ኬክሮስ ነው፤ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ምን ያህል እንደወጣችሁ ይናገራል። ሁለተኛው ኬንትሮስ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ምን ያህል እንደሄዳችሁ። ደብረ ብርሃን 9.68፣ 39.53 አካባቢ ናት።

እነዚህን ቁጥሮች ለመፈተሽ ቀላል ዘዴ አለ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከሆናችሁ የመጀመሪያው ቁጥር በ9 ወይም በ10 ይጀምራል፤ ሚንጃር፣ አረርቲ በኩል በ8። ሁለተኛው በ38፣ በ39 ወይም በ40 ይጀምራል። ከዚህ ከወጣ አንድ ስሕተት አለ። ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት አቀማመጡን ነው። የደብረ ብርሃንን ቁጥር ገልብጣችሁ 39.53ን ካስቀደማችሁ ካርታው ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ፣ ከጣሊያኗ ሰርዲኒያ ደሴት ዳርቻ ይጥላችኋል።

ከነጥቡ በኋላ ስንት አኃዝ ይላክ? አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ አራተኛው አኃዝ 11 ሜትር ነው፣ አምስተኛው 1 ሜትር። አራት ቢያንስ፣ አምስት ቢበዛ። አፑ ሰባት ስምንት አኃዝ ቢጽፍላችሁም ስልኩ 5 ሜትር እየሳተ ያን ሁሉ መላክ ለይስሙላ ነው። በስልክ ስትነግሩ ደግሞ አኃዞቹን አንድ በአንድ ጥሩ፤ "ዘጠኝ ነጥብ፣ ስድስት፣ ስምንት" እያላችሁ። ሰውየው መልሶ ያንብብላችሁ።

ተቀባዩ ቁጥሩን ካርታው መፈለጊያ ላይ በመሐል ኮማ አድርጎ ይጻፈው። ቦታው ይመጣለታል። እሱም ካርታውን አውርዶ ከሆነ ያለ ዳታ ይሠራለታል።

የደረሳችሁበትን ቦታ ሁሉ ስም ሰጥታችሁ አስቀምጡት። በአማርኛ። "የአክስቴ ደጅ"፣ "መኪና የሚቆምበት"፣ "ምንጩ"። የእኔ ስልክ አሁን መቶ ያህል እንዲህ ያለ ቦታ አለው፤ ቀበሌው እንኳ የሌለው ካርታ ነው ብዬ እኮራለሁ።

የመሬት ነገር

ስልክ ይዞ ማሳ ዙሪያ መሄድና ስፋቱን ማወቅ ይቻላል። ለማዳበሪያ ግምት፣ ለዘር ግምት ጥሩ ነው። ለወሰን ግን አይሆንም። አስሉት። 50 በ50 ሜትር የሆነ ማሳ ሩብ ሄክታር ነው፤ 2,500 ካሬ ሜትር። ስልኩ በየጎኑ 5 ሜትር ቢጨምርባችሁ 3,025 ይሆናል። ከአምስት አንድ እጅ በላይ ከየት መጣ? ከየትም አልመጣም። ይህን ይዞ ጎረቤቱን "ወሰን ገፋህብኝ" ያለ ሰው ነገር ፈለገ እንጂ መሬት አልለካም።

ቀያሾች በሦስት እግር ላይ የሚያቆሙት መሣሪያ ሌላ ነው። እነዚያው ሳተላይቶች ናቸው፤ ነገር ግን ቦታው በትክክል ከታወቀ ሌላ መሣሪያ ጋር እየተነጻጸረ ስሕተቱ ይታረማል። እስከ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የድሮ የወረቀት ካርታ የምታነጻጽሩ ካላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ የእኛ የድሮ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የቦታ መለኪያ መነሻ ነው። የጂፒኤሱ መነሻ ሌላ ነው። ሳታስተካክሉ ካስቀመጣችሁት ከ100 ሜትር በላይ ይስታል።

"ይኼ ነገር ያየኛል?"

አጎቴ ይህን ሁሉ ሳስረዳቸው በዝምታ ሰሙኝና "ልጄ፣ ይኼ ሳተላይት የምትለው አሁን እኔን እያየኝ ነው?" አሉኝ።

"አያይዎትም ጋሼ። እርስዎ ነዎት የሚያዳምጡት።"

"ታዲያ የመኪናው ባለቤት ሹፌሩ የት እንዳደረ ቢሮው ቁጭ ብሎ እንዴት አወቀ?"

ጥሩ ጥያቄ ነው። መኪናው ላይ የተገጠመው ዕቃ ሁለት ሥራ ይሠራል። ቦታውን ከሳተላይት ይሰማል፤ ከዚያ በውስጡ ባለው ሲም ካርድ በቴሌ ኔትወርክ ለባለቤቱ ይልካል። የሚያሳብቀው ሲም ካርዱ ነው። የእናንተ ስልክም እንዲሁ ነው። ሳተላይቱ አያውቃችሁም፤ ፈቃድ የሰጣችሁት አፕ ግን ያውቃችኋል። ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የትኞቹ አፖች ሎኬሽን እንደተፈቀደላቸው እዩ። የባትሪ መብራት አፕ ቦታችሁን ምን ያደርግለታል? ከልክሉት። ላይቭ ሎኬሽን የላካችሁለትን ሰው አስታውሱ፤ ስትደርሱ አጥፉ። የካሜራችሁም ሎኬሽን ከበራ ፎቶው ውስጥ የተነሣበት ቦታ ቁጥር ተጽፎ ይቀራል።

ያ ሾፌር

የዚያ ለቅሶ አርባ ሲደርስ እንደገና ተነሣን። በዚህኛው ጊዜ ካርታውን ዋዜማውን አውርጄዋለሁ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከማዶ ሰፈር በእግሩ እየመጣ መገንጠያው ላይ ሊቀላቀለን ነው። ጉሙ አሁንም አለ። ስልኩ ጠራ፤ ዳታ የለም፣ ድምፁ ግን ቆረጥ ቆረጥ እያለ ይሰማል። "የት ናችሁ? እኔ መንገዱ ላይ ነኝ፤ ምንም አይታየኝም" አለ።

"ካርታህን ክፈትና ቁጥሩን ንገረኝ።"

በ9 የሚጀምረውን ነገረኝ። በ39 የሚጀምረውን ነገረኝ። አንድ አኃዝ ደገምኩለት፤ አረመኝ። ጻፍኩት። ከእኛ 140 ሜትር ላይ ነበር፤ ከመንገዱ በስተግራ።

ሾፌሩ ስክሪኑን በትከሻዬ በኩል አየና ምንም ሳይናገር ጡሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋ። ከጉሙ ውስጥ ፉጨት መለሰልን።